ዘፋኟ ምን ትላለች

አከራዬ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረው እኔ ጭሮ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት ነው። ለዐስር ሶላት ውዱእ አድርገው ሲመለሱ፣ ግቢው ውስጥ ያለው እርጥብ የሲሚንቶ ደረጃ አዳለጣቸው። ከትምህርት ቤት ገና መግባቴ ነበር። ድምፅ ሰምቼ ስወጣ የፕላስቲክ ጆጋቸውን እንደያዙ መሬት ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። አልጮኹም። «ኢንተላ ኮ፣ ቀሚሴን ሳቢልኝ፣ እግሬ ታየ» ነበር ያሉኝ።

ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አዮ እላቸው ነበር፤ እናቴ እንደ ማለት።

ሆስፒታል ወስደናቸው ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል፣ ሐረር ወይም አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው አለ። አዮ አሻፈረኝ አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ለቢላዋ አልተኛም» ብለው ከሂርና ወጌሻ አስመጡ። ወጌሻው አሽቶ አሰረላቸውና ሦስት ወር እንዳይነቃነቁ አዘዘ። ሦስቱ ወር አራት ሆነ፣ አጥንቱም ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ አዮ በሰው ትከሻ ተደግፈው ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ሥር ወንበር ድረስ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

የእኔም ከዚያ ብዙ አይሻልም ነበር። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ እንግሊዝኛ አጥንቼ፣ ምዕራብ ሐረርጌ ተመደብኩ። ሁለት ዓመት አገለግላለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። በየዓመቱ የዝውውር ፎርም እሞላለሁ፤ በየዓመቱ ምትክ አልተገኘም እባላለሁ። ፎርሙን የሚቀበለኝ ሰውዬ ክፉ አልነበረም። «ቲቸር፣ አንቺን ከለቀቅኩ እንግሊዝኛውን ማን ያስተምርልኛል?» ይለኛል እየሳቀ። ያመሰገነኝ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ደግሞ እጮኛ ነበረኝ። ቀለበት ካሰርን አራት ዓመት አልፎናል። በስልክ ሁልጊዜ የምነግረው አንድ ነገር ነበር፤ «በዚህ ዓመት ይሳካል።» እሱም ያመነኝ ይመስል ነበር፤ ወይም እንዳመነ ሰው እሺ ይለኝ ነበር።

ጭሮን ጠልቻት አይደለም። አየሯ ደስ ይላል፤ ሰዉም ሰው አይገፋም። ግን ከተማዋ ተራራ ሥር ተቀምጣ አንድ አስፋልት በመሀሏ ያልፋል፤ በዚያ አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ይሄዳል። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስለ ሃላፊ ጊዜ ሳስተምር፣ ወደ ሐረር የሚያልፈው አውቶቡስና ወደ አዋሽ የሚበረው የጫት መኪና ድምፅ ይሰማኛል። ድምፁ እስኪርቅ ቃሌን አቋርጬ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ተማሪዎቼ ለምደውት እነሱም አብረውኝ ይጠብቃሉ።

አዮ በወደቁበት ዓመት ክረምት በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል በማግስቱ ተዘጋ ይባላል። ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ሸክፌ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። አንድ ቀን ሚኒባስ ይዘን ቁልቁለቱን ወርደን፣ ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን ደስ ብሎን፣ ሚኤሶ ሳንደርስ ኬላ ላይ መለሱን። ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ስልክ ብቻ ይሠራል፤ እሱም ሲያሻው። የታናሽ እህቴ ሠርግ ደብረ ማርቆስ ላይ ያለ እኔ ተደገሰ። በሠርጉ ዕለት ደውላ ጭፈራውን ልታሰማኝ ስልኳን ወደ ላይ ከፍ አደረገችው። የእናቴን እልልታ ከሰው ሁሉ መሀል ለየሁት። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ብሞክር ብሞክር አልመለስ አለ።

አዮ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። አዳማ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት በየወሩ እየመጣች ታጥባቸው፣ ታበስልላቸው ነበር። በመጣች ቁጥር «እማ፣ አዳማ እንሂድ» ትላቸዋለች። «ከቤቴ አልወጣም» ይሏታል። «እሺ» ትልና ዕቃዋን ሰብስባ ትመለሳለች። መንገዱ ሲዘጋ ግን እናቷን ለእኔና ለአንዲት ጎረቤት አደራ ሰጠችን። ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት ታጥባቸዋለች፤ እኔ ከምሳ በኋላ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

አንድ ዝናባም ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ብሏቸው «ከእሱ ክፍል ብርድ ልብስ አምጪልኝ» አሉኝ። እሱ የሚሉት ሟች ባላቸውን ነው። ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ ሰው ነበሩ። እኔ አልደረስኩባቸውም። ክፍላቸው ከሞቱ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር የሚኖረው። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ከብርድ ልብሱ ሥር ሻንጣ የሚመስል ነገር አየሁ፤ ክዳኑን ባነሳው የሸክላ ማጫወቻ ነው። አጠገቡ አንድ ሸክላ ብቻ፣ ጥጉ በተበላ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ካርቶኑ ላይ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ማይክሮፎን ፊት ቆማለች። ነጭ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ከኋላዋ ፒያኖና አንድ ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ ይታያል። ስሟን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። በጀርባው ያለውን ጽሑፍ ውሃ ነክቶት ግማሹ ጠፍቷል። ካነበብኩት የገባኝ፣ ዘፋኟ የጃዝ ዘፋኝ መሆኗና ዘፈኖቹ ለእሷ የተጻፉ አለመሆናቸው ነው። ከእሷ በፊት ብዙዎች የዘፈኗቸው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ዘፈኖች ናቸው፤ እሷ ሰብስባ በራሷ መንገድ ስቱዲዮ ገብታ ዘፈነቻቸው።

ይህን ለአዮ ስነግራቸው «ታዲያ የሰው ዘፈን ነው የምትዘፍነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አዮ። ግን በራሷ ድምፅ።»

«እንደ መንዙማ በይኛ። መንዙማም የአንድ ሰው አይደለም። ሁሉም ይለዋል፤ ግን አንዱ ሲለው ታለቅሻለሽ፣ ሌላው ሲለው ታዛጊያለሽ።» ካርቶኑን ተቀብለውኝ የዘፋኟን ፊት በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ቆይተው «ይቺን ሴትዮ ከልጄ በፊት ነው የማውቃት» አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። ባላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚኤሶ ይመጣሉ። ምሳቸውን በልተው፣ ጫታቸውን ይዘው እዚያ ክፍል ይገቡና በሩን ይዘጋሉ። ሌላው ወንድ በርጫውን ከጓደኞቹ ጋር ነው የሚቀመጠው፤ እሳቸው ብቻቸውን። ከዚያ ዘፋኟ ትጀምራለች። አዮ ግቢው ውስጥ እህል እየለቀሙ፣ ልብስ እያጠቡ፣ ልጅ እያዘሉ ይሰሟታል። አንድ ቀን ባላቸው ሲወጡ «ይቺ ሴትዮ ምንድን ነው የምትለው?» ብለው ጠየቁ።

«"ምንም አትልም" አለኝ» አሉ አዮ። «በሌላ ቀን ጠየቅኩት። "ምንም አትልም" አለኝ። ተውኩት። እስኪሞት ምንም አላለችም። ወላሂ፣ ምንም የማይል ሰው እንዲህ ብዙ አይናገርም። አንቺ ደግሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነሽ። ንገሪኝ።»

ማጫወቻውን በፌስታል ሸፍኜ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውዬው ከፍቶ ሲያየው፣ ሞተሩን ከሸክላው ማዞሪያ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል። ከብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ አጠለቀለት። የመጀመሪያው ላላና ዘፋኟ እንቅልፍ የያዘው ወንድ መስላ ወጣች። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሁለተኛውን አጥብቆ ቆረጠው። አሁን ሴት ሆነች።

አዮ ዘንድ ተመልሼ መርፌውን ሳስቀምጠው መጀመሪያ የሚጠበስ ነገር ዓይነት ድምፅ፣ ቀጥሎ ፒያኖ፣ ቀጥሎ እሷ። እንዲህ ያለ አዘፋፈን አላውቅም ነበር። መሣሪያዎቹ ቀድመዋት ይሄዳሉ፤ እሷ ግን አትቸኩልም። ኋላ ትቀራለች፣ ቃሉን አፏ ውስጥ ታቆየዋለች፣ አመለጣት ስል ትደርሳለች። አዮ ዓይናቸውን ጨፍነው «ይቺው ናት» አሉ። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ።

እኔ ግን አልገባኝም። ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ ከዚያ በፊት አራት ዓመት ተምሬ፣ አንድ ዘፈን ጆሮዬ ሥር ተዘፍኖ የያዝኩት ሦስት ቃል ነው፤ ፍቅር፣ ዝናብ፣ አንተ። እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ የሚቆም ነው። ይሄ ይሄዳል፣ ይጎተታል፣ ይዋጣል። አፈርኩ።

«ስለ ፍቅር ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ ግድግዳውም ያውቃል። ምን ትላለች ነው ያልኩሽ።»

የተማሪ ደብተር ገዛሁና ሥራዬ አደረግኩት። መብራት ባለ ቀን ሁሉ ከምሳ በኋላ ማጫወቻውን አዮ አልጋ አጠገብ አስቀምጬ አንድ ስንኝ እሰማለሁ፣ መርፌውን አነሳለሁ፣ እጽፋለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። አንዳንዱን መስመር ሃያ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ኢንተርኔት ቢኖር በአንድ ደቂቃ የሚገኝ ነገር ነበር፤ ግን ኢንተርኔት የለም፣ መንገድ የለም፣ እኔም ሌላ ሥራ የለኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እናቆማለን፤ ሲያባራ እንቀጥላለን። ጎረቤታችን ሆጃ ይዛ ትመጣና፣ ያን የቡና ገለባና ወተት ትቀዳልንና፣ «ዛሬስ ምን አለች?» ብላ ትጠይቃለች።

መጀመሪያ የተሳካልኝ ዘፈን ስለ አንዲት ሴት ነበር። ውጪ ይዘንባል፤ እሱ ይመጣ እንደሆነ ብላ መብራቷን አታጠፋም። ይህን ለአዮ በአማርኛ ሳነብላቸው በኦሮምኛ ለራሳቸው ደገሙትና «አይ ይቺ ሴትዮ» አሉ። «እግር የላትም እንዴ? ተነስታ አትፈልገውም? እግር እያላት ቁጭ!» ጎረቤታችን ሳቋ አመለጣት። አዮም ሳቁ። ከወደቁ ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ላይ ዘፋኟ ሰውዬው እንደሚያታልላት አውቃለሁ፣ ቢሆንም ውሸቱ ደስ ይለኛል ትላለች። አዮ አልወደዱትም። «ሥራ ብትይዝ እንዲህ አይነት ነገር አታስብም» አሉ። ሦስተኛው ስለ ጨረቃ ነው፤ እሱን ወደዱት። አራተኛውን ሲሰሙ «ይቺ እንኳ እውነቷን ነው» አሉ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እንዲህ እንዲህ እያልን የፊተኛውን ገጽ ጨርሰን ሸክላውን ገለበጥነው።

በጀርባው ሦስተኛዋ ዘፈን ላይ ሸክላው ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ተበልቷል። መርፌው እዚያ ሲደርስ ይሻክራል፣ አንዳንዴም ይዘላል። አዮ ገና ፒያኖው ሲጀምር አወቋት። «ይቺ ናት» አሉ። «ታልቅና መልሶ ያስቀምጣታል፤ ታልቅና መልሶ ያስቀምጣታል። መግሪብ እስኪደርስ።»

እሷን ለመጻፍ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ቃሎቹ ሲገጣጠሙልኝ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ዘፈኗ ትንሽ ከተማ ውስጥ ስለቀረ ሰው ናት። ሰዎች እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል፤ ጥሩ ሰዎች ስለሆኑ ሊያሳዝናቸው አይፈልግም። ማታ ማታ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል፣ ቲኬት አይቆርጥም፣ ባቡሩ ሲያልፍ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እዚህ ያለው እጄና እግሬ ነው፣ የቀረው ከሄደ ቆየ ይላል። ማንንም አይከስም። ዘፋኟም ሌሎቹን ዘፈኖች እንደምትጎትተው አትጎትታትም፤ እንደ ወሬ ነው የምትላት።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለሟቹ መሰለኝ፤ ግን ለእሳቸው አልነበረም።

በማግስቱ አዮ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጠበቁኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩ ባላቸው በየቅዳሜው በር ዘግተው ከእሳቸው ለመሄድ ሲመኙ ነበር ልበል? «ወንድሟ ሩቅ አገር ሄዶባት ናፍቋት ነው የምትዘፍነው» አልኳቸው።

አዮ ደብተሩን አዩት። ከዚያ «ሌሎቹን ስትነግሪኝ ደብተርሽን እያየሽ ነበር» አሉ። «ለዚች ደብተሩን አልገለጥሽም።»

ደብተሩን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

«ዓይንሽም አብጧል። ለሰው ወንድም ሰው እንዲህ አያለቅስም። አንብቢልኝ።»

ደብተሩን ገልጬ አነበብኩላቸው። ባቡር ጣቢያው ጋ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ፤ ከዚያ ቀጥዪ አሉኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እንደ ወትሮው በኦሮምኛ አልደገሙትም። ውጪ ጎረቤታችን ልብስ ስታጥብ ይሰማል።

«ሌላ ሴት ነበር የሚመስለኝ» አሉ በመጨረሻ። «በልጅነቴ ስቀናበት የነበረው። ድሬዳዋ ሴት አለችው፣ ሸክላውን የሰጠችው እሷ ናት እል ነበር። ኋላ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። ጅቡቲ ነው።»

ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። ልጃቸውን አርግዘው ሳለ ባላቸው ጅቡቲ ጣቢያ የተሻለ ሥራ ተገኝቶላቸው ነበር። ባሕር፣ ቤት፣ ፈረንሳይኛቸውንም እንግሊዝኛቸውንም የሚያውቅላቸው አለቃ። ደብዳቤውን ይዘው መጥተው ለአዮ አነበቡላቸው። አዮ እናቴን ጥዬ አልሄድም አሉ።

«"እሺ" አለኝ። አጥፎ ኪሱ አስገባው። አንድ ቀን አልጮኸብኝም። አንድ ቀን "በአንቺ ምክንያት" አላለኝም። ያ ረቢ፣ ቢጮኽብኝ እኮ እሄድ ነበር! ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው እንጂ። አንድ ጊዜ ቢቆጣኝ ሻንጣዬን አነሳ ነበር። እሱ ግን እሺ አለኝ። በዚያው ዓመት ሸክላውን ከድሬዳዋ ገዝቶ መጣ።» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹት። «እናቴም በዓመቱ ሞተች።»

ላጽናናቸው ብዬ «አዮ፣ ወደውዎት ነው የቀሩት» አልኩ።

«ወዶኝ ነው። አልወደደኝም አላልኩም። ወዶኝ እዚህ ታሰረ።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንቺስ? ያን አዲስ አበባ ያለውን ልጅ ምን ትይዋለሽ?»

«በዚህ ዓመት ይሳካል እለዋለሁ።»

«እሱ ምን ይልሻል?»

«እሺ ይለኛል።»

አዮ ደብተሩን ከእጄ ወስደው ዘጉት።

በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ ሲገኝ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ዳገት ላይ ወጥቼ ደወልኩለት። ዝውውሩ መቼ እንደሚሳካ አላውቅም፣ ከዚህ በፊትም አላውቅም ነበር፣ አንተን ላለማጣት ነበር የምለው አልኩት። አትጠብቀኝ አልኩት። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲጮኽ ፈለግሁ። ከጮኸ ሥራውን ለቅቄ መንገዱ በተከፈተ ቀን እመጣለሁ ብዬ በልቤ ወስኜ ነበር። «እሺ» አለኝ። «ራስሽን ጠብቂ።» ዳገቱ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። በሚቀጥለው ዓመት ማግባቱን ሰማሁ። ክፉ ሰው አልነበረም።

መንገዱ የተከፈተው በመስከረም ነው። የአዮ ልጅ በሁለተኛው ቀን መጣች፤ ከስታ፣ ፊቷ ጠቁሮ። እናቷ እግር ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ እንደ ልማዷ ልብስ ማጠብ ጀመረች። አዳማ እንሂድ የሚለውን በዚያን ቀን አላነሳችውም፤ የሰለቸች ትመስላለች። ያነሱት አዮ ናቸው።

«ልጄ፣ እኔን ለማየት ስትመጪ መንገድ ላይ ትፈሪያለሽ?»

«አልፈራም፣ እማ።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ልብሱን መጭመቋን አቆመች። «እፈራለሁ» አለች። «እዚያ ለልጆቼ፣ እዚህ ለአንቺ እፈራለሁ። ደክሞኛል፣ እማ። በጣም ደክሞኛል።» ድምፅዋ ከፍ አለ። «አንቺ ከቤቴ አልወጣም ትያለሽ፣ እኔ መንገድ ላይ አልቃለሁ!»

አዮ ፈገግ አሉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ጮኽሽ። በይ እንሄዳለን።»

መቀመጫው የተነሳ ሚኒባስ ተገኘ፤ ፍራሽ ተዘረጋበት። የሰፈሩ ሴቶች በብርድ ልብስ አድርገን ተሸክመን አወጣናቸው። ስድስት ወር ከበራቸው አልወጡም ነበርና ፀሐዩ ዓይናቸውን ወጋቸው። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ እየመጣ እጃቸውን ይስማል። ከበደሳ ገበያ የሚመለሱ ሰዎች እንኳ መኪናቸውን አቁመው ዱዓ አደረጉላቸው። ማጫወቻውንና ሸክላውን ይዤላቸው ቆሜ ነበር። እኔ ዘንድ ይተዉልኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ፈልጌውም ነበር።

«ለጠጋኙ ስጪው» አሉኝ።

«እኔ ብይዘውስ፣ አዮ?»

«አንቺ አትይዢውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በርሽን ዘግተሽ እሱን ስትሰሚ እዚሁ ትቀሪያለሽ። ለጠጋኙ ስጪው። እሱ ዘንድ በር አይዘጋም፤ የሚስቅበት ሰው አይጠፋም።»

ለጠጋኙ ሰጠሁት። ሱቁ ውስጥ አንዳንዴ ያጫውተው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ። የአዮ ቤት ለሌላ ሰው ተከራየ። እኔም ከሁለት የጤና ጣቢያ ነርሶች ጋር ሆኜ ላይኛው ሰፈር ቤት ያዝኩ። እነሱም ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ናቸው፤ ማታ ማታ የምናወራው ስለ ዝውውር ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ለእረፍት አዳማ ሄጄ አዮን አየኋቸው። ልጃቸው የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። አዮ በረንዳው ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ቁልቁል ያያሉ። ደስ ብሏቸው ጉንጬን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳሙኝ፤ የልጅ ልጆቻቸውን አሳዩኝ፤ ፊታቸው ሞልቷል። ልጃቸው ሻይ ልታፈላ ስትገባ ግን እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ከመጣሁ አልወረድኩም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከዚህ ሆኜ ሰው ሁሉ ይታየኛል። እኔን ግን ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ጭሮ በር ላይ ስቀመጥ ሰው ሁሉ "አዮ፣ እንዴት አደሩ" ይለኝ ነበር።»

«ለልጅዎ አልነገሯትም?»

«ምን ልበላት? ደስ ብሏታል እኮ። ደህና ነኝ እላታለሁ።»

ይህን ሲሉ ራሳቸውን ሰሙት። ሳቃቸው መጣ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጃቸው ሻዩን ይዛ ስትመጣ ሁለታችንም ዕንባችንን እየጠረግን ነው። «ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ልጄ፣» አሉ አዮ፣ «መሬት መርገጥ እፈልጋለሁ። እዚህ አፍኖኛል።»

ልጃቸው ለአፍታ አየቻቸው። «ለምን አትነግሪኝም ነበር?» አለች ተቆጥታ። ወዲያው ባሏን ጠራችው። እሱና እኔ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን፣ ልጃቸው ከፊት እየመራች፣ በየፎቁ እያረፍን አወረድናቸው። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሣሩ ላይ አደረጉ። የሰፈሩ ሴቶች መጥተው ሰላም አሏቸው፤ አንዷ በኦሮምኛ ስታናግራቸው ፊታቸው በራ። ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ መልሰን ሽቅብ ተሸከምናቸው፤ ሽቅቡ ይከብዳል። አማቻቸው ላብ በላብ ሆኖ ሳለ «በሳምንት አንድ ቀን እናወርድዎታለን» አላቸው። «ሁለት ቀን» አሉት አዮ።

በማግስቱ ጠዋት አዳማ መናኸሪያ ደረስኩ። በአንድ በኩል የአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት እየጮኸ ይጣራል፤ ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ መንገድ ያደርሳል። በሌላ በኩል የጭሮው ሚኒባስ ሁለት ሰው ብቻ ጎሎት ቆሟል። ሻንጣዬን ይዤ መሀል ላይ ቆምኩ። አዲስ አበባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ደብረ ማርቆስም ቢሆን ለእረፍት እንጂ ለኑሮ የሚጠራኝ ሥራ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሃምሳ ስድስት ተማሪዎች ይጠብቁኛል።

ወደ ጭሮው ገባሁ። ረዳቱ መስኮት አጠገብ አስቀመጠኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጭሮ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ፤ አስተማሪ ነኝ አልኳት። «ወደሽዋል አገሩን?» አለችኝ።

ወድጄዋለሁ ልላት ነበር። «አይ» አልኳት፤ «መውጣት እፈልጋለሁ። አልለቀቁኝም።» ሴትዮዋ ደንግጣ አየችኝ፤ ከዚያ ከንፈሯን መጠጠችልኝና ከያዘችው ሙዝ አንዱን ገንጥላ ሰጠችኝ። እስከ አዋሽ ድረስ ስለ ራሷ ልጆች ነገረችኝ፤ እኔም ሰማኋት።